ሽማግልና በላንድሮቨር

አቶ ዓለምሰገድ «ቦሌ፣ ቪላ ውስጥ ነው የምኖረው» ሲሉ አይዋሹም ነበር። ቪላው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አለ፤ እሳቸውም ግቢው ውስጥ ይኖራሉ። ሳይናገሩ የሚያልፉት፣ የሚኖሩት ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ድሮ የአሽከር ማደሪያ በነበረችው ሰርቪስ ቤት መሆኑን ነው። ዋናውን ቤት አብዮቱ ወርሶ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰጥቶታል። የጥንቱ ባለቤት አገር ጥለው ሲሄዱ፣ አትክልተኛቸው የነበሩት አቶ ዓለምሰገድ ከጽጌረዳው ጋር አብረው ለቀበሌው ተላለፉ። ጽጌረዳው ደረቀ። እሳቸው ግን ማታ ተምረው፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለዳቦ ወረፋ እንኳ ክራባት ሳያስሩ ከግቢ ወጥተው አያውቁም።

የትውልድ ቦታቸውን የጠየቃቸው ሰው «አራት ኪሎ» የሚል መልስ ያገኛል። አራት ኪሎ የት ጋ? «እዚያው አራት ኪሎ።» እናትና አባትስ? «በልጅነቴ ሞቱብኝ።» ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርፌም የነገሯቸው ይህንኑ ነበር፤ ወይዘሮ ዘርፌም አዝነው፣ ገና ሙሽራ ሳሉ ለማያውቋቸው አማት አልቅሰዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። አቶ ዓለምሰገድ የተወለዱት ጣርማበር ተራራ ላይ፣ ጥድ አፋፍ በምትባል የገደል ጫፍ መንደር ነው። ዓለምሰገድ የሚለውን ስም ራሳቸው ናቸው አዲስ አበባ ገብተው ያወጡት፤ ዓለም እስኪሰግድ መጠበቁ ስለሚያደክም ስሙን አስቀደሙ። መንደሩ የሚያውቃቸው ጉርጥ በሚል ቅጽል ነበር፤ ልጅ ሳሉ ምንጭ ዳር ቁጢጥ ብለው ስለሚውሉ። በጭነት መኪና ተሳፍረው ከአገር ሲወጡ ለእናታቸው ለወይዘሮ ጠጂቱ «ሰው ሆኜ እመለሳለሁ» አሏቸው። ጫማ ሲገዙ፣ ጫማ ብቻውን ሰው አያደርግም ብለው ቀሩ። ሰዓት ሲያስሩ፣ ሱፍ ይቅደም አሉ። ሱፉ ሲሰፋ ደግሞ የአውቶቡስ አቧራ ሊያበላሸው ነው፣ መኪና ሲኖረኝ እሄዳለሁ አሉ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሰው ሳይሆኑ ፀጉራቸው ሸበተ። እፍረቱም ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄዶ መንገዱን ዘጋባቸው።

እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል። ልጃቸው መኩሪያ ከመምህራን ማሠልጠኛ ሲመረቅ ዕጣው የት ወደቀ? ጥድ አፋፍ። አቶ ዓለምሰገድ «የት ነው ደግሞ እሱ?» ብለው ካርታ ላይ ሲፈልጉ ጣታቸው እያወቀ አልፎት ሄደ። መኩሪያ ሄደ፣ አስተማረ፣ ስመኝ የምትባል የመንደሩን ልጅ ወደደ። በ1979 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እያለከለከ ቦሌ ደረሰ።

«አባባ፣ ሽማግሌ ላኩልኝ! የደብረ ሲናው ባለ ወፍጮ ለልጁ ሊጠይቃት ነው፤ ለእሁድ ቀጠሮ ይዟል። ቅዳሜ ካልቀደምነው አለቀልኝ።»

«አባቷ ማን ይባላሉ?»

«አቶ ወንዳፍራሽ።»

አቶ ዓለምሰገድን የጠጡት ሻይ ትን አላቸው። ወንዳፍራሽ! ከአንድ ወይራ ላይ አብረው የወደቁት ወንዳፍራሽ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ግን ደግሞ ልጁን አዩት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ገብቷል። መኩሪያ አንድ ልጃቸው ነው፤ ከክራባታቸውም፣ ከቦሌያቸውም አብልጠው ይወዱታል።

«ይላካል» አሉ። «እኔ ግን አልሄድም። አባት ለልጁ ሽማግሌ አይሆንም፤ ነውር ነው።» ባህል አክባሪ መሆናቸውን ወይዘሮ ዘርፌ ያወቁት የዚያን ቀን ነው።

ሽማግሌ ፍለጋው አላስቸገረም። አንደኛው አቶ አብዱልናስር ሆኑ፤ እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ የወሎ ሰው፣ የተጣላ ባልና ሚስት በአንድ ሲኒ ቡና የሚያስታርቁ። ሁለተኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረመው ነበሩ። እሳቸውን የመረጣቸው የለም። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋልና አቶ ዓለምሰገድ ሊያስፈርሙ ሲገቡ፣ ጓድ ገረመው ብዕሩን አንስተው ጣራ ጣራውን አዩ። «የተራራ አየር ለደም ግፊት ጥሩ ነው ይባላል» አሉ። ይለፉ ላይ ስማቸው ከገባ በኋላ ብዕሩ ቀለም አወጣ።

ቀረ የመሄጃው ነገር። መኩሪያ «በአውቶቡስ ብትሄዱ ይሻላል፤ የዚያ አገር ሰው መኪና አይወድም» ብሎ ለመነ። ማን ይስማው? «የቦሌ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ልጅ አይጠይቅም!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ባለ ወፍጮው በምን ይመጣል? በበቅሎ! እኛ በመኪና!»

መኪና የሚያከራየው ደግሞ የመንግሥት የጎብኚዎች ድርጅት ነበር። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ሴት «ዓላማ?» አለች።

«ሽማግልና» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

«እንደዚህ ያለ ዓላማ በዕቅዳችን የለም። ጉብኝት፣ ምርምርና የልዑካን አቀባበል ነው ያለው።»

«እንግዲያው ጉብኝት።»

«የምን ጉብኝት?»

«የ... ተራራ።»

«የተራራ ውበት ጉብኝት» አለች እሷ፤ ይህኛው በዕቅዱ ውስጥ ነበረና ፊቷ ፈታ አለ። «ጎብኚው ራሱ መኪናው ውስጥ መገኘት አለበት። ያለ ጎብኚ ጉብኝት የለም።»

አቶ ዓለምሰገድ ግድግዳውን ተደገፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሹትን ተራራ ሊጎበኙ ፈረሙ። ቤት ገብተው አሰቡ አሰቡና መላ አገኙ። ባርኔጣ አጥልቀው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ከመኪናው ሳይወርዱ ሽማግሌዎቹን ይጠብቃሉ። ማን ያውቃቸዋል?

ቅዳሜ ማለዳ መድኃኔዓለምን ተሳልመው ሲመለሱ መኪናው ግቢው በር ላይ ቆሟል። የታሰበው ነጭ ፔዦ ነበር፤ ፔዦውን ግን ከወዳጅ አገር የመጣ ልዑክ ወስዶታል። የቀረው አረንጓዴ ላንድሮቨር፣ የመንግሥት ታርጋ የለጠፈ፣ ባለ ሸራ ጣራ። ሾፌሩ ተኽላይ ይባላል፤ ካኪ ለብሶ የድርጅቱን ቆብ ደፍቷል። ጓድ ገረመውም በበኩላቸው የበዓል ካኪያቸውን፣ ደረት ኪስ ላይ ሦስት ብዕር ሰክተው መጡ። ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ሁሉ አይተው «እንዴት ያስፈራል!» አሉ በኩራት። ከልጃቸው በስተቀር የደነገጠ ሰው አልነበረም፤ እሱም «ሙሽራ ፈሪ ነው» ተብሎ ታለፈ።

ኮተቤ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ይለፉን ሳይጠይቁ እጅ ነሡ። ጓድ ገረመውም መልሰው እጅ ነሡ፤ ቀኑን ሙሉ ያንን ሲያስታውሱ ዋሉ። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌ ጠዋት ካልደረሰ ክብር የለውም፤ ተኽላይ ግን በየመመልከቻው ሳይቆም ማለፍ አይችልም። ጎብኚ ነው የጫነው። መኪናውን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ በር ይከፍታል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ክቡራን ጎብኚዎች፣ በስተግራችሁ የምትመለከቱት ሜዳ በገብስና በባቄላ ምርቱ የታወቀ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ባቄላ አይተን እናውቃለን» ይሉታል ጓድ ገረመው።

«ፕሮግራም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሳላሳያችሁ ባልፍ ዕቅድ አልተሟላም ተብዬ እገመገማለሁ።»

ጓድ ገረመው ግምገማ ሲባል ዝም አሉ፤ የሚያውቁት ነገር ነው። እናም ባቄላ አዩ፣ ገደል አዩ፣ ሌላ ገደል አዩ። አቶ አብዱልናስር ጋቢያቸውን ተከናንበው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ወላሂ፣ ከወሎ ስመጣ ይኸን ገደል ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። አሁን እዩት ብለው ያስከፍሉናል?»

የመጨረሻው መመልከቻ ከጣርማበር ዋሻ በፊት ያለው አፋፍ ነበር። ጉሙ ተገልጦ፣ አደይ አበባው ቢጫ ሆኖ፣ ታች ድረስ አገሩ ይታያል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳያስቡት አንገታቸውን አስግገው አዩ። አቶ ዓለምሰገድ ግን በመነጽራቸው ውስጥ የጫማቸውን ማሰሪያ ነበር የሚያዩት።

«ከፊታችሁ በጥድ የተከበበው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለ ተኽላይ። «ከበላዩ ያለችው መንደር ጥድ አፋፍ ትባላለች። አካባቢው በጭላዳ ዝንጀሮዎቹና በእንግዳ ተቀባይ ሕዝቡ ይታወቃል።»

ይህን በሚልበት ሰዓት እንግዳ ተቀባዩ ሕዝብ እየሮጠ ነበር። ከአፋፉ ላይ የቆመውን አረንጓዴ መኪና፣ ካኪ የለበሱትን ሁለት ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሰው አንዲት ሴት አይታ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ጥድ አፋፍ የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለአፈሳ፣ ወጣት እየያዙ ወደ ጦር ሜዳ ለመስደድ። ሴትዮዋ እሪ አለች፤ እሪታው ከቤት ወደ ቤት ዘለለ። ላንድሮቨሩ ተንፏቆ መንደሩ ሲደርስ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ከየጣራው ጭስ ይወጣል፣ አውድማው ላይ መንሽ ወድቋል፣ አንድ ውሻ ብቻ ይጮኻል።

ሽማግሌዎቹ በአቶ ወንዳፍራሽ በር ላይ እንደ ደንቡ ቆሙ። ሽማግሌ ግቡ እስኪባል ይቆማል። ቆሙ፣ ቆሙ፤ ግቡ የሚል ጠፋ። ጓድ ገረመው ስብሰባ የሚበትን ሕዝብ አይወዱም፤ ወደ ገደሉ ዞረው በስብሰባ ድምፃቸው ጮኹ።

«ጓዶች! አትደናገጡ! የመጣነው ልጃችሁን ፈልገን ነው!»

ከታች፣ ከገደሉ ሆድ፣ ብዙ እግር ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ተሰማ።

«አበስኩ ገበርኩ» አሉ አቶ አብዱልናስር፤ ከጎረቤት የለመዷት ናት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ እባክዎ ዝም ይበሉ። እዚህ አገር ሰው የሚታመነው የማን ልጅ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ከመካከላችን የሚያውቁት ሰው የለም እንጂ ቢኖር አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

አቶ ዓለምሰገድ መኪናው ውስጥ ሆነው ሰሙ። ላብ ከባርኔጣቸው ሥር ይወርዳል። ዛሬ ካልተነገረ ነገ ባለ ወፍጮው ይመጣል። ሰው ደግሞ ከገደሉ ሲወጣ «የመምህሩ ዘመዶች አፈሳ ይዘው መጡብን» ነው የሚለው፤ ያን ጊዜ መኩሪያ ስመኝን ቀርቶ ጥቁር ሰሌዳውንም አያገኘውም። የልጃቸው የደረቀ ከንፈር ትዝ አላቸው። ግን አንድ ቃል ከተናገሩ አራት ኪሎ ይፈርሳል፣ ቪላው ይፈርሳል፣ ያን ሁሉ ዓመት በክራባት ያሰሩት ነገር ሊቀመንበሩ ፊት ይፈታል። ተኽላይ ሰዓቱን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን ጎብኚዎች፣ የዚህ ቦታ ጉብኝት እየተጠናቀቀ ነው።»

አቶ ዓለምሰገድ ከመኪናው ወረዱ። መነጽሩን አወለቁ፣ ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ጣሉ፣ እስከ አፋፉ ጫፍ ሄደው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የወጣው ድምፅ የመጋዘን ጸሐፊ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ተራራ ለተራራ የሚጠራሩበት ድምፅ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ደነገጡ።

«ወንዳፍራሽ ሆይ! ኧረ ወንዳፍራሽ!»

«የለም!» አለ ገደሉ። «ወንዳፍራሽ ከሄደ ቆየ!» ድምፁ የራሳቸው የአቶ ወንዳፍራሽ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አትፍራ!»

«እኔ የማይል ማን አለ! የማን ነህ?»

አቶ ዓለምሰገድ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ጓድ ገረመው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

«የጠጂቱ ልጅ ነኝ! ጉርጥ ነኝ!»

ከኋላ ጓድ ገረመው «ማን ነኝ አሉ?» ሲሉ፣ አቶ አብዱልናስር በክርናቸው ጎሸሟቸው።

«ጉርጥማ ሞቷል!» አለ ድምፁ። «ተዝካሩን በልተናል!»

«አልሞትሁም!»

«እናቱ ናት ያወጣችው! ያቺን አንዲት ላሟን አርዳ! ልጄ በሕይወት ቢኖርማ አይቀርብኝም ነበር ብላ!»

አቶ ዓለምሰገድ አፋፉ ላይ ቁጢጥ አሉ፤ ልክ ያኔ ምንጭ ዳር እንደሚሉት። ሞተዋል ተብሎ ተለቅሶላቸዋል። እሳቸው ቦሌ ሱፍ ሲለኩ፣ እናታቸው የልጃቸውን መቅረት ከክፋት ሊቆጥሩት አልሆንላቸው ብሎ ሞት አድርገውታል። ይህን ያህል ደግ ሆነው ያሰቡላቸው ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠማቸውም።

«እሷስ?» ብለው ጮኹ። «እናቴስ የት አለች?»

«መጀመሪያ ጉርጥ መሆንህን ልወቀው! ከወይራው የወደቅን ለት ያለቀሰው ማነው?»

«እኔ!» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «እኔ ነኝ ያለቀስሁት! አንተ እጅህ ተሰብሮ ዝም አልህ፣ እኔ ምንም ሳልሆን አለቀስሁ!»

ይህን የሚናገር ሹም የለም። ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ሽበት ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ ራስ፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ። አቶ ወንዳፍራሽ እያነከሱ ዳገቱን ወጡ። ፊት ለፊት ቆመው ክራባቱን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ ፊቱን አዩ።

«ሸበትህ» አሉ።

«ሸበትሁ።»

«መምህሩ ያንተ ልጅ ነው?»

«የኔ ነው። እሱ አያውቅም።»

አቶ አብዱልናስር ጊዜው የእሳቸው መሰላቸውና ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ እኛ ለትልቅ ጉዳይ...» ብለው ጀመሩ። አቶ ወንዳፍራሽ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ፣ አባቴ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የሠርግ ነገር አያነሣም።»

በአገጫቸው ወደ ጥዶቹ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱ። አቶ ዓለምሰገድ ገባቸው። ተኽላይ ጠዋት «ከፊታችሁ» ብሎ ያሳያቸው፣ እሳቸው ጫማቸውን እያዩ ያለፉት ቦታ ነው። ቁልቁል መራመድ ጀመሩ።

«ጋሼ» አለ ተኽላይ፣ «ለቅሶ በፕሮግራሙ...» ሳይጨርሰው ተወው። ሞተሩን አጠፋ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ተከተላቸው። ጓድ ገረመውም ብዕራቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። አቶ አብዱልናስር ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

መቃብሩ ላይ ሳር በቅሏል፣ ድንጋዩ ግን በወግ ተደርድሯል፤ የደረደሩት አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው። አቶ ዓለምሰገድ በሱፋቸው ጭቃው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። «ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብዬሽ» እያሉ፣ እሱኑ እየደጋገሙ። መንደሩም ከበባቸውና አብሮ አለቀሰ። ባለፈው ሞተ ብሎ ያለቀሰላቸው ሕዝብ አሁን ደግሞ ተርፎ በመምጣቱ አለቀሰ።

ሲነሡ አቶ ወንዳፍራሽ ክንዳቸውን ያዙ። «ለነገዎቹ ልጄን ሰጥቻለሁ እላቸዋለሁ። ጥር ላይ ና። ስትመጣ ግን በአውቶቡስ ና፣ ጉርጥ። ያችን መኪናህን ስሸሽ ጉልበቴን ቀጥቅጬዋለሁ።»

ቦሌ ሲመለሱ ወይዘሮ ዘርፌ ጎረቤት ሰብስበው በር ላይ ይጠብቁ ነበር። መኩሪያ ከኋላ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«ምን አሉ?»

«ሰጡን።»

እልልታው ቀለጠ። መኩሪያ የአባቱን ጉልበት ሊስም ሲጎነበስ የሱፉን ጭቃ አየ። አቶ ዓለምሰገድ እጃቸውን አንሥተው እልልታውን አስቆሙ።

«የዕድሩን ድንኳን አውጡት» አሉ።

«ከአሁኑ ለሠርጉ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

«ለለቅሶ። የእናቴ ነው።»

ወይዘሮ ዘርፌ ባላቸው በፀሐይ የተመቱ መሰላቸው። ሆኖም ድንኳኑ ተተከለ፤ ዕድር ለቅሶ ሲሉት ማጣራት አይወድም። አቶ ዓለምሰገድ ያለ ክራባት ወጥተው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ ቦሌ አንገታቸውን ያየው ያን ጊዜ ነው። ለሚስታቸውና ለልጃቸው አንድም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ወይዘሮ ዘርፌ በመጀመሪያ ተቆጡ፤ «ለሐሰት አማት አስለቀስከኝ!» አሉ። ከዚያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለእውነተኛዋ አለቀሱ። መኩሪያ መጥቶ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው መጋዘን የመጡት አለቃቸው ሊያጽናኑ አጠገባቸው አረፍ ብለው፣ እንደ ወጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ እናትዎ መቼ ነው ያረፉት?»

አቶ ዓለምሰገድ ጥቂት አሰቡ።

«እኔ ከሞትሁ በኋላ ነው» አሉ።